በፊት ጎማ የሚጎተት መኪናን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውቶክሮስ ለመውሰድ፦ ዝርዝር መመሪያ

አውቶክሮስ ሰፊ አስፋልት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም አገልግሎት ያቆመ ማኮብኮቢያ ላይ፣ በፕላስቲክ ኮኖች የተቀየሰውን ጠመዝማዛ መስመር መኪኖች አንድ በአንድ እየገቡ በሰዓት የሚለኩበት ውድድር ነው። ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም፤ ተፎካካሪው ሰዓቱ ነው። አንዱ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ አሽከርካሪ በቀኑ ውስጥ የሚያገኘው ጥቂት ሙከራዎችን ብቻ ሲሆን በብዙ ውድድሮች የሚያዝለት ከእነዚያ ውስጥ የተሻለው አንዱ ነው። ፍጥነቱ በአውራ ጎዳና ላይ ከተለመደው ብዙም ስለማያልፍና መስመሩ ከኮን በቀር የሚገጭ ነገር እንዳይቀርበው ተደርጎ ስለሚቀየስ፣ ለዕለት ሥራ የሚያገለግል መኪና ምንም ሳይቀየርለት ሊገባበት ይችላል። በብሪታንያ አውቶክሮስ የሚባለው በሣርና በአፈር ላይ የሚደረገው ውድድር ነው፤ የአስፋልቱ አውቶሶሎ ይባላል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው የአስፋልቱን ነው።

የፊት ጎማዎች የተሸከሙት

ወደ ዝግጅቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መረዳት ይገባል፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእሱ ይመነጫልና። በፊት ጎማ በሚጎተት መኪና ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም ከፊት ስለተቀመጡ ከመኪናው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። እነዚሁ ሁለት ጎማዎች መኪናውን ይጎትታሉ፣ ይጠመዝዛሉ፣ ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ድርሻ ይሸከማሉ። የኋላዎቹ በአንጻሩ ተከትለው ከመሄድና መኪናው እንዳይዞር ከማገዝ ያለፈ ሥራ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ጎማ አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ደግሞ ውስን ነው፤ ለመጠምዘዝ የዋለው ለፍሬን ወይም ለጉተታ አይገኝም። አከፋፈሉ ግን ተራ መቀናነስ አይደለም፤ ስሌቱ የክብ ቅርጽ አለው። ጎማው ከአቅሙ 80 በመቶውን ለመጠምዘዝ ቢያውል ለፍሬን የሚተርፈው 20 ሳይሆን 60 በመቶ ነው፤ ሙሉ አቅሙን ለመጠምዘዝ ካዋለው ግን የሚተርፍ ነገር የለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከጫፍ ትንሽ መለስ ማለት ብዙ ነጻነት እንደሚሰጥ፣ ጫፉን ማለፍ ደግሞ ሁሉንም እንደሚያሳጣ ነው። አሽከርካሪው ጫፉን ሲያልፍ መኪናው መሪውን አልሰማም ብሎ ወደ ኩርባው ውጫዊ ጎን ይገፋል፤ ይህ አንደርስቲር የሚባለው ነው። ጀማሪ በዚህ ጊዜ በደመ ነፍስ መሪውን ይበልጥ ይጠመዝዛል፤ ነገር ግን የጎማው የመያዝ አቅም ከጥቂት ዲግሪዎች የመንሸራተት ማዕዘን (ጎማው በተጠመዘዘበትና በእርግጥ በሚሄድበት አቅጣጫ መካከል ያለው ልዩነት) በኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የተጨመረው መሪ ጎማውን ከማንጫጫትና ጠርዙን ከመፋቅ በቀር መኪናውን አያዞርም። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፤ ነዳጁን በመጠኑ ማንሳት፣ መሪውንም ትንሽ መልሶ መፍታት።

ከሳምንት በፊት

አስቀድመው ይመዝገቡ፤ መኪናዎ በየትኛው ምድብ እንደሚገባም አዘጋጆቹን ይጠይቁ። ምድቡ የሚወሰነው በመኪናው ሞዴልና በተደረገለት ማሻሻያ ስለሆነ፣ በቀድሞ ባለቤት የተቀየረ የአየር ማጣሪያ ወይም ሞላ ካለ አይደብቁት። ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና የመገልበጥ ዕድሉ ስለሚጨምር ብዙ አዘጋጆች አይቀበሉትም። የኢንሹራንስ ውልዎንም ያንብቡ፤ በሰዓት የሚለካ ውድድርን የማይሸፍኑ ውሎች ብዙ ናቸው።

ሄልሜት ግዴታ ነው። በስኔል ድርጅት ደረጃ ከሚሰጣቸው ሄልሜቶች ኤስኤ የተባለው ለመኪና ውድድር የተሠራና እሳት የሚቋቋም ገበር ያለው ሲሆን፣ ኤም የተባለው ለሞተር ብስክሌት የተሠራ ነው፤ ለአውቶክሮስ ሁለቱንም የሚቀበሉ አዘጋጆች አሉ። የትኛው ዓመት ደረጃ ተቀባይነት እንዳለው ሳያጣሩ አይግዙ፤ ለመጀመሪያው ቀንማ አዘጋጆቹ የሚያውሱት መኖሩን መጠየቅ ይበቃል።

መኪናውን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ጥቂት በመሥራት ሳይሆን የማያስፈልገውን በመሥራት ነው። ከመጀመሪያው ውድድር በፊት አዲስ ሞላ፣ ወፍራም የኋላ ማረጋጊያ ዘንግ (መኪናው በኩርባ ላይ ብዙ እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት) ወይም ውድ ጎማ መግዛት፣ የራስን ስህተት ከመኪናው ጠባይ መለየት የማይቻልበት ሁኔታ ይፈጥራል። እውነት ነው፣ ጠንከር ያለ የኋላ ማረጋጊያ ዘንግ የፊት ጎማ መኪናን ቶሎ እንዲዞር ያግዘዋል፤ የትሬድዌር ቁጥሩ (ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያመለክተው፣ ባነሰ ቁጥር ጎማው ለስላሳ የሚሆንበት) 200 የሆነ ለስላሳ ጎማም ሰዓትን በግልጽ ያሻሽላል። ሁለቱም ግን መኪናው ባለበት ሁኔታ ምን እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የሚያስፈልገው ጤነኛ መኪና ነው። ባትሪው በእጅ ተይዞ ሲነቀነቅ መንቀሳቀስ የለበትም። ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች፣ ከዚያም ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዛወዝ ኩሽኔታው ወይም የመሪ መገጣጠሚያው ልል ከሆነ ውድድሩ ይቅር። የፍሬን ፔዳሉ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል። የፍሬን ሸራው ቢያንስ ግማሽ ይሁን። የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ሳይያዝ ወዲያው መመለስ አለበት።

የሞተር ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ፤ በረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ጎዶሎ የሆነ ሞተር ለአፍታ ዘይት ሊያጣ ይችላል። ነዳጅም እንዲሁ ከሩብ በታች ከሆነ በኩርባ ላይ ፓምፑ አየር ሊስብ ስለሚችል ግማሽ ታንክ ያህል ይያዙ፤ ሙሉ ታንክ ደግሞ ትርፍ ክብደት ነው። የጎማ ብሎኖች በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ፣ በመለኪያ መፍቻ ይጥበቁ። በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ልክ አይደለም፤ ብሎኑን ይስባል፣ የፍሬን ዲስኩንም ሊያጣምም ይችላል።

የጎማ ነፋስ

በዚህ ቀን በእጅዎ ያለው ብቸኛ ማስተካከያ የጎማ ነፋስ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉም ዕቃ በፊት የሚገዛው ጥሩ መለኪያና ትንሽ ፓምፕ ነው።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው በኩርባ ላይ ሲያጋድል የፊት ውጫዊው ጎማ በጠርዙ ላይ ይቆማል፤ ጎኑም ከሥር ይታጠፋል። ነፋስ መጨመር ጎኑን ስለሚያጠነክር ጎማው በጥርሱ ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። እንደ መነሻ፣ በሾፌሩ በር አጠገብ ከተለጠፈው ቁጥር በላይ ለፊት ጎማዎች ከ5 እስከ 6 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ለኋላ ጎማዎች ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ይጨምሩ። ይሁን እንጂ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን፣ ጎማው ሞቆም ቢሆን፣ አይለፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚነግርዎት ቾክ ነው። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ በሦስት ቦታ፣ ከጥርሱ ጠርዝ እስከ ጎኑ ድረስ መስመር ያስምሩ። ብዙ ጎማዎች ጥርሱና ጎኑ በሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው። ከሙከራው በኋላ ቾኩ እስከዚያ ምልክት ድረስ ከጠፋ ነፋሱ ልክ ነው፤ ምልክቱን አልፎ ጎኑ ላይ ከጠፋ ነፋስ ያንሳል፤ ምልክቱ ላይ ሳይደርስ ከቀረ ደግሞ በዝቷል። በአንድ ጊዜ ከ2 ፒኤስአይ በላይ አይለውጡ። ጎማው በሞቀ ቁጥር ነፋሱም ስለሚጨምር፣ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴልሽየስ ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ገደማ፣ በየሙከራው መካከል እየለኩ የተጨመረውን ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ሰው መኪናው ከሰዓት በኋላ ለምን ጠባዩን እንደቀየረ ሳይገባው ይውላል።

የኋላ ጎማዎችን ነፋስ ከፍ አድርጎ የኋላውን ማላላትና መኪናው በቀላሉ እንዲዞር ማድረግ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን አልመክረውም፤ ኋላው ሲሾልክ ምን እንደሚደረግ ገና ያልለመደ አሽከርካሪ ከሚያተርፈው ጊዜ ይልቅ በመዞር የሚያጣው ይበልጣል።

ጠዋት በሜዳው

ቀደም ብለው ይድረሱና ከመኪናው ውስጥ የማይታሰረውን ሁሉ ያውጡ፤ ስኮርት ጎማና ክሪክ፣ የእግር ምንጣፍ፣ የውኃ ጠርሙስ፣ በኪስ ያለ ሳንቲም ሳይቀር። ከፔዳል ሥር የተንከባለለ ጠርሙስ ፍሬን የሚከለክል ነገር ነው። ከዚያ የመኪናው ቁጥር ይለጠፋል፣ ተቆጣጣሪዎች መኪናውን ይመረምራሉ፤ ከላይ የተዘረዘረውን ላዘጋጀ ሰው ይህ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

መስመሩን በእግር መራመድ

ከውድድሩ በፊት መስመሩ በእግር እንዲጎበኝ ይፈቀዳል፤ በዚህ ጊዜ ወሬ የሚያወራ ሰው ሰዓቱን እዚያው ላይ ጥሎታል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይራመዱት፣ ከሦስቱም አንዱን ብቻዎን።

በመጀመሪያው መንገዱን ብቻ ይለዩ። ከቆመ ኮን አጠገብ የተኛ ኮን ካለ፣ የተኛው ጫፍ የሚያመለክተው መኪናው የሚያልፍበትን ጎን ነው። ከላይ ሲታይ ግልጽ የሚመስለው መስመር ከመሪው ኋላ ሲቀመጡ የኮን ባሕር ይመስላልና፣ በሁለተኛው ዙር በየተወሰነው ርቀት ቁጢጥ ብለው በመቀመጫዎ ከፍታ ልክ ይመልከቱ። በሦስተኛው የሚፈልጉት ኮኖችን ሁሉ አይደለም፤ ዋና ዋናዎቹን፣ ማለትም መኪናው እጅግ ሊቀርባቸው የሚገባውን ጥቂቶቹን ነው። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው መስመሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው በሐሳብ መንዳት ከቻሉ ተዘጋጅተዋል።

ለፊት ጎማ መኪና መስመር ሲመርጡ ሁለት ነገሮችን ያስቡ። አንደኛ፣ በኩርባ ላይ የሚቻለው ፍጥነት በራዲየሱ ስኩዌር ሩት ይጨምራል፤ ራዲየሱን በ21 በመቶ ያሰፋ አሽከርካሪ በዚያው የመያዝ አቅም 10 በመቶ ፈጥኖ ያልፋል። ስለዚህ ወደ ኩርባው ከውጭ በኩል መግባት፣ ውስጡን መንካት፣ ወደ ውጭ መውጣት ጥቅም አለው። ሁለተኛ፣ ከኩርባው በኋላ ረጅም ቀጥታ ካለ የውስጡን ኮን ዘግይቶ መንካት ይሻላል፤ ምክንያቱም መኪናው አብዛኛውን መዞር ቀድሞ ከጨረሰ መሪው ቶሎ ስለሚፈታ የፊት ጎማዎቹ ለጉተታ ነጻ ይሆናሉ። እየተጠመዘዘ ነዳጅ የሚሰጥ ሰው ግን የውስጠኛው የፊት ጎማ ክብደት ስለቀነሰበት እዚያው ሲሽከረከር ያያል፤ ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ ለውጪው ጎማ ለውስጠኛው ከሰጠው የበለጠ ጉልበት መስጠት አይችልም።

በስላሎም፣ ማለትም ኮኖች በአንድ ረድፍ ቆመው መኪናው ግራና ቀኝ እየታጠፈ በሚያልፍበት ክፍል፣ ምስጢሩ ቀድሞ መገኘት ነው። ኮኑ አጠገብ ሲደርሱ መጠምዘዝ ከጀመሩ ዘግይተዋል፤ በዚያ ሰዓት መኪናው ወደ ሚቀጥለው ኮን መመለስ መጀመር ነበረበት። አንዴ የዘገየ ሰው በእያንዳንዱ ኮን ይበልጥ እየዘገየ ስለሚሄድ በመጨረሻ ፍሬን ለመያዝ ይገደዳል።

አቀማመጥ

መቀመጫውን ፔዳሎቹ እስከ መጨረሻ ሲረገጡ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ እንዲቀር፣ ጀርባ ከመደገፊያው ሳይነሣም የእጅ አንጓ የመሪውን አናት እንዲነካ ያድርጉት። እጆች በሰዓት አቆጣጠር በ9 እና በ3 ላይ ይሁኑ። የደኅንነት ቀበቶውን መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍተው ካሰሩት በኋላ ወደ ፊት ቢመልሱት ይበልጥ ያጠብቅዎታል። ሰውነቱን በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ የሚደግፍ አሽከርካሪ የፊት ጎማዎቹ የሚነግሩትን አይሰማም።

ሙከራዎቹ

በመጀመሪያው ሙከራ ዓላማው መስመሩን ሳይስቱ መጨረስ ብቻ ነው። በአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ ማለትም በ1944 በተመሠረተው ኤስሲሲኤ ደንብ፣ አንድ ኮን መጣል ወይም ከተሰመረለት ሳጥን ማስወጣት 2 ሰከንድ ያስጨምራል፤ ቆሞ ከሳጥኑ በከፊል ብቻ የወጣ ኮን አይቆጠርም። በር፣ ማለትም መኪናው በመካከላቸው የሚያልፍባቸውን ኮኖች፣ የሳተ ሙከራ ግን ዋጋ የለውም። የማርሽ ምርጫ ብዙም አያስቸግርም፤ በመጀመሪያ ተነሥቶ ወዲያው ወደ ሁለተኛ መግባትና እዚያው መቆየት ነው። መኪናው ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በሁለተኛ ላይ ያስይዙት፤ ካልሆነ በኩርባ መሐል ራሱ ይቀይርብዎታል። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች አያጥፉት፤ ከዚያ በኋላ በኩርባ ላይ ኃይል ሲቆርጥ ከተሰማዎት ማጥፋቱን ማሰብ ይቻላል።

ሲነሡ ጎማ አያስጩሁ። መኪና ሲፈጥን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ይቀላሉ። በዚያ ላይ የሰዓት መለኪያው ጨረር ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት ስለሚቀመጥ ጭሱ ለተመልካች ካልሆነ ለሰዓቱ አይጠቅምም።

ከሁለተኛው ሙከራ ጀምሮ ሰዓት የሚገኘው ከፍሬን ነው፤ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ጀማሪ ዘግይቶ ፍሬን በመያዝ ጊዜ አተርፋለሁ ይላል። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በ50 ከሚሄደው ይልቅ ለመቆም 44 በመቶ የሚበልጥ ርቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትንሽ የፍጥነት ስህተት ትልቅ የቦታ ስህተት ይሆናል። መሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ፍሬኑን በደንብ ረግጠው አብዛኛውን ይጨርሱት፤ ከዚያ ፔዳሉን በአንዴ ሳይሆን መሪው በሚጠመዘዝበት ልክ ቀስ እያሉ ይልቀቁት። ትንሽ የቀረ ፍሬን ክብደቱን በፊት ጎማዎች ላይ ስለሚያቆየው መኪናው አፍንጫውን በቀላሉ ወደ ውስጥ ያስገባል። በኩርባው መሐል ነዳጅ መስጠት የሚጀመረው መሪውን መፍታት ሲጀመር ነው፤ መሪው በተፈታ ቁጥር ነዳጁ ይጨመራል። እጅና እግር በአንድ ገመድ እንደታሰሩ አድርገው ያስቡት።

ኩርባ ውስጥ ነዳጁን በድንገት ሙሉ በሙሉ ከለቀቁ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚወረወር የቀለሉት የኋላ ጎማዎች ይሾልካሉ። ትንሽ ከሆነ ጠቃሚ ነው፤ መኪናው እንዲዞር ያግዛል። ከበዛ መሪውን ኋላው ወደሚሄድበት ጎን ይመልሱና በቀስታ ነዳጅ ይስጡ፤ የፊት ጎማዎቹ መኪናውን ጎትተው ያቀኑታል። አሁንም ከዞረ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አንድ ላይ ረግጠው እስኪቆም ይጠብቁ።

ዓይን ከሁሉም ይቀድማል። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት መኪናው በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከኮፈኑ ፊት ያለውን ኮን የሚያይ ሰው አስቀድሞ ያለፈውን ጉዳይ እያየ ነው። ወደ አንዱ በር ስትገቡ ዓይናችሁ የሚቀጥለው ላይ ይሁን የሚለው ምክር ተደጋግሞ የሚነገረው ሁሉም ስለሚረሳው ነው። ልምድ ያለው ሰው አብሮዎት እንዲቀመጥ ከተፈቀደ ይጋብዙት፤ ብዙ ጊዜ የሚነግርዎት ነገር «ቀደም ብለው ፍሬን ይያዙ፣ ራቅ አድርገው ይመልከቱ» ይሆናል።

የኮን ሥራ

የሚወዳደር ሁሉ በተራው መስመሩ ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን ያነሣል። ፊትዎን ወደሚመጣው መኪና ያዙሩ፣ ስልክ አይያዙ። ቀይ ባንዲራ ሲውለበለብ የሚነዳው ሰው ወዲያው ይቆማል፤ እርስዎም በሚነዱበት ጊዜ እንዲሁ። የፊት ጎማ መኪኖች በምን ኩርባ ላይ ጎማቸው እንደሚጮህ በቅርብ ለማየትም ይህ ከሁሉም የተሻለ ቦታ ነው።

ወደ ቤት ከመመለስ በፊት

የጎማ ብሎኖቹን እንደገና በመለኪያ መፍቻ ይፈትሹ፤ የጎማውን ነፋስ በበሩ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ይመልሱ። ፍሬኑ ከሞቀ የእጅ ፍሬን አይያዙ፤ ማርሽ ውስጥ አስገብተው ያቁሙት። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ውጫዊ ጠርዝ በእጅዎ ይዳስሱ። ጠርዙ ላባ መስሎ ተፍቆ ጥርሱ መሐሉ ላይ እንደነበረ ካለ፣ ወይ ነፋሱ አንሶ ነበር፣ ወይ መሪውን ከሚገባው በላይ ይጠመዝዙ ነበር። የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ነፋስ፣ የአየሩን ሙቀት፣ የእያንዳንዱን ሙከራ ሰዓትና የወደቁትን ኮኖች በወረቀት ላይ ይጻፉና ከመለኪያው ጋር በአንድ ቦርሳ ያስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ጠዋት ሥራ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።